እሺ ካላሉን አንቀመጥም

አቶ ፍቅሩ ሽምግልና ሲሄዱ ካፖርታቸውን አያወልቁም። ይህን ቶሮንቶ ያለው የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመን ሁሉ ያውቃል። ልጅ ለማጨት ቢሆን፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ቢሆን፣ በር ላይ ጫማቸውን ያወልቁና ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው እንደ ቆለፉ ሳሎኑ መሀል ይቆማሉ። «ኧረ ተቀመጡ!» ሲባሉ፣ «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ይላሉ። ቤቱ በሂተር የጋለ ነውና፣ ሽማግሌው በላብ ሲጠመቁ እያየ የሚጨክን ባለቤት የለም።

«የእኔ ሽምግልና ግማሹ ምላስ ነው፤ ግማሹ ካፖርት» ይሉ ነበር ጨዋታ ሲመጣላቸው።

ጨዋታው ከቀረ ግን ቆይቷል። ባለቤታቸው መሠረት ካረፈች ወዲህ ካፖርቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ። ለሽምግልና የሚጠራቸው ሲመጣ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለው ይመልሳሉ። ቀን ቀን ሕሙማንንና አረጋውያንን ወደ ሕክምና የምታመላልስ ቫን ይነዳሉ። ሲመሽ ዌስተን ወዳለው አፓርትመንታቸው ይገቡና ወጥ ይሠራሉ። ለአንድ ሰው መመጠን እስካሁን አልለመዱም። ስለዚህ ሁልጊዜ ይተርፋል፤ የተረፈውን በዕቃ ይዘው አንድ ፎቅ ይወርዱና የሊየንን በር ያንኳኳሉ።

ሊየን ቬትናማዊት ናት። ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ኤግሊንተን ዌስት ላይ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ አላት። የባቡሩ ሥራ መንገዱን ለዓመታት ቆፋፍሮት፣ ደንበኛ በአጥርና በጭቃ መካከል ማለፍ ሲሰለቸው፣ ከጎኗ የነበሩት ፀጉር ቤቶችና ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። የእሷ አልተዘጋም። «እንዳይዘጋ ያደረገችው መሠረት ናት» ትላለች። መሠረት የመዘምራኑን ልብስ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሚጠብም የሚሰፋም ሱሪ ከምእመኑ ሁሉ ሰብስባ፣ አጥሩን ዞራ ይዛላት ትሄድ ነበር። በኋላ በኋላ ልብሱን አድርሳ መመለሷን ተወችና ወንበር ስባ አብራ ቁልፍ ትተክል ጀመር። በእንግሊዝኛ ያልሞላላትን በእጇ እየሞላች ሲያወሩ ይውላሉ። ሊየን አቶ ፍቅሩን «ጋሼ» ማለትን የተማረችው እዚያ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ከሁሉ አብዝተው የሚያወሩት ስለ ሚን ነበር። ሚን የሊየን ታናሽ ወንድም ነው።

ሊየን ከአጎቷ ጋር በጀልባ የወጣችው ልጅ ሳለች ነው። ያን ጊዜ የዓለም መንግሥታት ስለ ቬትናም ስደተኞች ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው ነበር። ካናዳም በሯን ከፈተች፤ ቤተ ክርስቲያኖችና ጎረቤቶች እየተሰባሰቡ ስፖንሰር ሆነው በሺህ የሚቆጠር ሰው አስመጡ። ሊየን ያኔ ገባች። እናቷን ከዓመታት በኋላ በሕጋዊ መንገድ አስመጣች። ሚን ግን የእናቱን ወረፋ መጠበቅ አቃተው። ገና ጎረምሳ ነበር። በአንድ ሌሊት ጀልባ ላይ ወጣና ታይላንድ ደረሰ። የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው። መንግሥታቱ እንደገና ተሰብስበው ቀን ቆርጠው ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ ሁሉ ይጣራል፣ በማጣሪያው ያላለፈ ወደ አገሩ ይመለሳል ተባለ። ሚን አላለፈም። መጠለያው ሲዘጋ መመለሱን ፈርቶ አመለጠ። እነሆ ጎረምሳው ሸበተ፤ ባንኮክ ዳርቻ በግንባታ ሥራ እየኖረ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ሦስቱም ወረቀት የላቸውም። ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ይለውጣል።

መሠረት ሆስፒታል በተኛችባቸው የመጨረሻ ሳምንታት ሊየን ከእናቷ ጋር ሆና ብዙ ቀን አብራት ዋለች። አንድ ከሰዓት፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ መሠረት የባሏን እጅ ይዛ እንዲህ አለች፦

«የሊየን ወንድም ነገር አደራ። ቆመህ ለምንልኝ።»

«ማንን ነው የምለምነው?»

«እሱን አንተ ፈልግ። ሽማግሌው አንተ ነህ።»

«እሺ» አሏት። አቶ ፍቅሩ ለማንም በቀላሉ እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። ቀብሯ አልፎ፣ ዓመትም አልፎ፣ እሺታቸው ግን እንደ ካፖርቱ ተሰቅሎ ቆየ።

በዚህ መካከል የሊየን እናት ልብ እየደከመ መጣ። ሐኪሙ ለሊየን ብዙ ተስፋ አልሰጣትም። አቶ ፍቅሩ ወጥ ይዘው በወረዱ ቁጥር አሮጊቷ ከሶፋው ሆነው በበሩ ስንጥቅ አሻግረው ያያሉ። የሚጠብቁት ወጡን እንዳልሆነ አቶ ፍቅሩ ያውቃሉ።

ከቫኗ ተሳፋሪዎች አንዱ ሊዮ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ዳሌያቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው በየሳምንቱ ከኖርዝ ዮርክ ወደ ፊዚዮቴራፒ ይሄዳሉ። በዲፕሎማትነት ብዙ ዓመት ያገለገሉ፣ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን የትራፊክ መብራት ይዟቸው ስለ ባንኮክ ሙቀት ማውራት ጀመሩ።

«ባንኮክ ኖረዋል?» አሉ አቶ ፍቅሩ።

«ወጣት ሳለሁ። የቬትናም ስደተኞች ጉዳይ ላይ ነበር የምሠራው።»

አቶ ፍቅሩ መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። የሚንን ነገር አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ሊዮ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«የቀሩትን ጥቂት ቤተሰቦች ጉዳይ አውቀዋለሁ። ካናዳ እቀበላለሁ ብላለች። ያሉበት አገርም አልከለክልም ብሏል። የተጣበቀው ሌላ ነገር ነው። የእኛዎቹ፣ ሰዎቹ ሳይታሰሩ እንዲወጡ መጀመሪያ ፈቃድ ይሰጣቸው፣ ከዚያ ቪዛ እንሰጣለን ይላሉ። እነዚያ ደግሞ፣ ፈቃድ ሰጥተን ካናዳ ሐሳቧን ብትለውጥ እኛው ላይ ይቀራሉ፤ መጀመሪያ ቪዛውን እንይ ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው።»

«እርስዎ ቢያነጋግሯቸውስ?»

«እኔ ጡረተኛ ነኝ ፍቅሩ። ስልኬን የሚያነሳ የለም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አቶ ፍቅሩ አልጨመሩም። ትልቅ ነገር ጀርባ ሰጥተው፣ መሪ ይዘው የሚለምኑት አይደለም። ሊዮን ከቤታቸው አድርሰው፣ ደጅ ድረስ ደግፈው፣ ወደ ዌስተን ተመለሱ። ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። ካፖርቱ የመሠረት ሹራብ አጠገብ ተሰቅሎ ነበር። አውጥተው አራገፉት።

ሽምግልና ብቻን አይኬድምና ለሁለት ሰዎች ደወሉ። አንዱ አቶ ኃይለማርያም፣ ከሁሉ የሚያንሱት በድምፅ፣ የሚበልጡት በዕድሜ ናቸው። «መቼ ነው?» ብቻ አሉ። ሌላው ራጉኤል፣ ከሁለቱ በዕድሜ የሚያንስ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ነገር ሳይከራከር የማይገባለት ነው።

«ጋሼ ፍቅሩ፣ ሲሪየስ ነዎት? የኛ ሰው ናይሮቢ ቪዛ እየጠበቀ ስንት ዓመቱ ነው! ለቬትናም ሽምግልና?»

«ለናይሮቢዎቹም ዕድሜ ከሰጠን እንሄዳለን። ይሄ የመሠረት ነው።»

የራጉኤልን የሠርግ ልብስ ሊየን ጋር ወስዳ ያሳጠረችለት መሠረት ነበረች።

«ካፖርት ግዴታ ነው?» አለ ራጉኤል።

«ግዴታ ነው።»

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሦስቱ የሊዮን ደወል ደወሉ። ሊዮ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ከፈቱና ጥቁር የለበሱትን ሦስት ሰዎች ሲያዩ ደነገጡ።

«ፍቅሩ! ዛሬ ቀጠሮ አለኝ እንዴ? ነው ወይስ ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ሚስተር ሊዮ። ሰው ሳይሞት ለመድረስ ነው የመጣነው።»

ጫማቸውን አወለቁ። ሳሎኑ መሀል ገብተው በዕድሜ ቅደም ተከተል ቆሙ። ሊዮ ወንበር አሳዩ፤ አልተቀመጡም። ሻይ አሉ፤ አልፈለጉም። አቶ ፍቅሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በአገራችን ሽማግሌ ለልመና ሲሄድ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። የሊየንን እናት ልጃቸውን ሳያዩ እንዳይሞቱ፣ ሁለቱን መንግሥታት እንዲያነጋግሩልን ልንለምንዎት ነው የመጣነው።»

ሊዮ ወደ ወንበራቸው አንድ እርምጃ ሄዱና ቆሙ። «እኔ ደግሞ» አሉ፣ «እንግዳ ቆሞ ባለቤት እንደማይቀመጥ ተምሬ ነው ያደግኩት። አርባ ዓመት የሠራሁትም በዚሁ ነው።»

ስለዚህ አራቱም ቆሙ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማል። የሊዮ ምርኩዝ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የራጉኤል ግንባር አበራ።

«ጋሼ ፍቅሩ» አለ ራጉኤል በአማርኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ሰውዬው ዳሌያቸውን በቀደም ነው የተቀየሩት አላሉም? ገድለናቸው እንዳንሄድ።»

«ዝም በል።»

«እኔም ብሞት የሚያስታምመኝ የለም፤ ሚስቴ ናይት ሺፍት ናት።»

«ምን እያለ ነው?» አሉ ሊዮ።

«ቤትዎ ይሞቃል እያለ ነው።»

ሊዮ ሳቁ። ሲስቁ ሊወድቁ ነበርና አቶ ኃይለማርያም ክንዳቸውን ያዙ። «ታውቃላችሁ?» አሉ ሊዮ ሳቃቸው ሳያልቅ፣ «ኦታዋና ባንኮክ አሁን ያሉት ልክ እንዲህ ነው። አንዱ አንተ ቅደም ይላል፤ ሌላውም አንተ ቅደም ይላል። ሁለቱም እግራቸውን አሟቸዋል።»

አቶ ኃይለማርያም ክንዳቸውን ሳይለቁ፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው ተናገሩ። «እኛ ሁለት ቤተሰብ እንዲህ ሲሆኑብን የሁለቱንም ቃል አንድ ሽማግሌ ዘንድ እናስቀምጣለን። ለማንም ቀድሞ አይሰጥም። ቃሉ ሲሟላ በአንድ ሰዓት ለሁለቱም ይሰጣል።»

«እኛም እንደዚያ ያደረግንበት ጊዜ አለ» አሉ ሊዮ። «መንገዱ ጠፍቶ አይደለም። ሁለቱም የሚያምኑት፣ ጊዜ ያለው ሰው ነው የጠፋው።»

«ታዲያ እሱን ነው ልንለምን የመጣነው» አሉ አቶ ፍቅሩ።

ሊዮ ቀና ብለው አዩአቸው። ሳቁ ከፊታቸው ሄዷል። «እምቢ ይሉኛል ፍቅሩ። ልጆቼ የሚሆኑ ወጣቶች፣ ማን ነህ ይሉኛል። በዚህ ዕድሜዬ።»

«እኔ ስንት ቤት እምቢ ተብያለሁ! ካፖርቴን ይዤ ወጥቼ፣ በሳምንቱ ካፖርቴን ይዤ ተመልሻለሁ። ይህን የጠየቀችኝ ባለቤቴ ናት። እሺ ብያታለሁ። አሁን የለችም።»

ሊዮ ምርኩዛቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩና፣ «እሺ» አሉ። «ግን አንድ ላይ እንቀመጥ። ማንም ቀድሞ እንዳይቀመጥ።»

አራቱም እየተያዩ፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። ራጉኤል ከማንም ቀድሞ የካፖርቱን ቁልፍ ፈታ።

ከዚያ ወዲያ የፊዚዮቴራፒው መንገድ የሥራ ስብሰባ ሆነ። ሊዮ ባንኮክ ያሉ አንድ የታይላንድ ዲፕሎማት አገኙ። ድሮ በድርድር ጠረጴዛ ማዶ ለማዶ ይቀመጡ የነበሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ጡረተኛ፣ እሳቸውም እግራቸውን ያማቸዋል፤ ያሠለጠኗቸው ወጣቶች ግን ዛሬ ባለሥልጣኖች ናቸው። ሁለቱ አዛውንቶች በየማለዳው በስልክ መጀመሪያ ስለ ዳሌና ስለ ጉልበት፣ ከዚያ ስለ ሰዎቹ ያወሩ ጀመር። ሁለቱም መንግሥታት የሚያምኑት አንድ የእርዳታ ድርጅት ባንኮክ ውስጥ ተገኘ። የመውጫ ፈቃዱንም የጉዞ ሰነዱንም ተቀብሎ በአንድ ሰዓት ሊያስረክብ ተስማማ።

አቶ ፍቅሩ በየሳምንቱ ወጡን ይዘው ሲወርዱ ያንን ለሊየን ይነግሯታል። እሷም ለእናቷ ትተረጉማለች። አሮጊቷ አንድም ጊዜ ደስታ አላሳዩም። ተስፋ በሰሙ ቁጥር እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ አሁን ሳይሆን ሲመጣ ንገሩኝ ማለታቸው ነው።

ክረምቱ ሲጠና ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። የሊየን እናት ሆስፒታል ገቡ። በዚያው ሰሞን ኦታዋ ላይ ጉዳዩን የያዘው ሰው ተዛወረና አዲሱ ኃላፊ ነገሩን እንደ ገና ከሥሩ ላየው ነው አለ።

«በቃ» አለች ሊየን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ። «ጋሼ፣ በቃ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ ገና ነው።»

ያ ኮሪደር መሠረት የነበረችበት ነው። የግድግዳውን ቀለም እንኳ አልቀየሩትም። አቶ ፍቅሩ ወጥተው ለሊዮ ደወሉ።

ሊዮ በአዲስ ዳሌያቸው ኦታዋ ሊሄዱ ወሰኑ። አቶ ፍቅሩ ባቡር ጣቢያ አደረሷቸው። ሻንጣቸውን አቀብለው ሊለዩአቸው ሲሉ መለስ አሉ።

«ሚስተር ሊዮ፣ ካፖርትዎን እንዳያወልቁ።»

ሊዮ በማግስቱ ማታ ከባቡር ሲወርዱ ከሩቁ ምርኩዛቸውን ወደ ላይ አነሡ። «ሠራ!» ብለው ጮኹ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው። «አልቀመጥም አልኩት! አዲሱ ልጅ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ አብሮኝ ቆመ፤ በኋላ ፋይሉን አምጡ አለ። ላብ በላብ ሆኜ ነው የፈረመልኝ!»

የሊየን እናት ከሆስፒታል ወጡ። በረዶው ቀለጠ። ባንኮክ ውስጥ፣ በአንድ ተራ ቢሮ፣ ሁለት ፖስታዎች በአንድ ሰዓት ተሰጡ። ሊዮ ጠዋት ሰምተው ለአቶ ፍቅሩ ደወሉ፤ እሳቸውም ቫኗን ኤግሊንተን ዌስት ላይ ማቆም በማይፈቀድበት ቦታ አቁመው የሊየንን ሱቅ በር ከፈቱ። ሊየን ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ስታያቸው ፊቷ ነጣ። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር።

«እናቴ ናት?» አለች።

«ወንድምሽ ነው። ተፈቅዶለታል።»

ሊየን መርፌውን ከጨርቁ ላይ አላነሣችም፤ እግሯም መርገጫውን ስላልለቀቀ መኪናው ሱሪው ላይ ረጅም ስፌት ሰፍቶ ሄደ። ለተበላሸው ሱሪ ባለቤት ሌላ ገዝታ ተካችለት፤ ስፌቱን አልፈታችውም።

ሚን የሚመጣበት ቀን አቶ ፍቅሩ አሮጊቷን ከነዊልቼራቸው በቫኗ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ አደረሱ። ሊዮ መጡ፤ አቶ ኃይለማርያምና ራጉኤልም መጡ። በሩ ተከፍቶ በተዘጋ ቁጥር አሮጊቷ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። በመጨረሻ አንድ ቀጭን፣ ሽበታም ሰው ትንሽ ቦርሳ ይዞ፣ ሚስቱንና ልጁን አስከትሎ ወጣ። አሮጊቷ ግን እሱን አልፈው ከኋላው ይፈልጋሉ። የሚጠብቁት ያንን ጎረምሳ ነበር። ሊየን ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ሰውየው ቦርሳውን ጣለና እግራቸው ሥር ተንበረከከ። አሮጊቷ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቀኝ አዞሩት፣ ወደ ግራ አዞሩት፣ ጆሮውን ነካኩት። ከዚያ ደረታቸው ላይ አደረጉት።

ማንም ድምፅ አላወጣም። ሊየን አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ሊዮ መነጽራቸውን ይወለውላሉ። አቶ ፍቅሩ ቆመው አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ተሰማቸው። ምን እንደሆነ የገባቸው ቆይቶ ነው። በሠርግም ሆነ በምርቃት፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ከሰው ሁሉ ቀድማ እልል የምትለው መሠረት ነበረች።

አፋቸውን ከፈቱ።

«እልልልልልል!»

ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰበረ። ወንድ ልጅ የማይሞክረው ነገር ነው። ራጉኤል ክንዳቸውን ያዘ። «ጋሼ ፍቅሩ! ኧረ ሰው እያየን ነው!»

«ይይ» አሉ አቶ ፍቅሩ፣ ደገሙትም። የባሰ ሆነ።

ያን ጊዜ ከአዳራሹ ሌላ ጫፍ፣ ከሻንጣ ጋሪዎቹ ኋላ፣ የማትታይ ሴት መለሰችላቸው። የጠራ፣ ረጅም፣ ጣራው የሚያስተጋባው እልልታ። የፅዳት ልብስ የለበሰች፣ ሻሿን የጠቀለለች ወጣት መወልወያዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ደረቷ ላይ ሀፍሳ የሚል ስም አለ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! ማን መጣ?»

«ወንድማችን» አሉ አቶ ፍቅሩ።

ሀፍሳ ሦስቱን አበሾች አየች፣ ሊዮን አየች፣ ዙሪያዋን ፈለገች። «የታል እሱ?»

አቶ ፍቅሩ በአሮጊቷ ደረት ላይ ያለውን ሽበታም ራስ በጣታቸው አሳዩአት። ሀፍሳ አየችው፤ መወልወያዋን ለራጉኤል አስያዘችና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከፊተኛው አስረዝማ ለቀቀችው።